ሳይወድ የሄደ መንገደኛ፤ ከግሽ ዓባይ እስከ ቴሌቪዥን መስኮት

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልመረምረው የተነሣሁበት ነገር ለሚያየው ሰው ቀልድ ይመስላል። ይሁን እንጂ የታሪክ ተማሪ ሊንቀው የማይገባ ጥያቄ አለበት። ጥያቄውም በመንገዱ ሁሉ ሲነጫነጭና ሲያጉረመርም የኖረ መንገደኛ ጽፎ የተወው ቃል ለታሪክ ምስክር ሊሆን ይችላልን? የሚችል ከሆነስ በምን ሚዛን መዝነን እንቀበለው? የሚል ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ክረምት አዴት ከቤተ ሰቤ ዘንድ ሳለሁ ነው። ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ስላለን፥ ከባሕር ዳር የመጣ የአጎቴ ልጅ በኮምፒዩተሩ ይዞት የመጣውን አንድ የእንግሊዞች የቴሌቪዥን ትርኢት ተሰብስበን እናይ ነበር። ትርኢቱ በ2010 በአገሩ መታየት የጀመረ ሲሆን፥ ስሙ በእኛ ቋንቋ «ሞኝ በባዕድ አገር» እንደ ማለት ነው። ሪኪ ጀርቬይስና ስቴፈን መርቻንት የተባሉ ሁለት ቀልደኞች፥ ካርል ፒልኪንግተን የሚባለውን የማንቸስተር ሰው የዓለምን ድንቅ ሥራዎች እንዲጐበኝ ይልኩታል። ሰውዬው ግን ከቤቱ ርቆ መሄድ የማይወድ፥ ምግቡ የማይጥመው፥ መኝታው የማይመቸው ነው። ላኪዎቹም እነሱ ከቤታቸው ተቀምጠው በሱ መከራ ይሥቃሉ። እንዲህ ያለው ትርኢት ከዚያም ወዲህ አልቀረም፤ በ2023 ዩጂን ሌቪ የተባለው የካናዳ ተዋናይ፥ መንገድ የማይወድ መንገደኛ ሆኖ አገር ለአገር የሚዞርበት ሌላ ትርኢት ወጥቷል።

እኛ ልጆቹ በሣቅ ስንፈርስ፥ ከመነኰሱ ብዙ ዓመት የሆናቸው አያቴ እማሆይ ግን አልሣቁም። እንዝርታቸውን እያሾሩ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ካዩ በኋላ፥

«አንተ ልጅ፥ ይህ ሰውዬ ካልወደደ ማን ላከው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ለመሣቂያ ነው እንጂ፥ እማሆይ» አልኋቸው።

«መሣቂያውስ ማን ነው? እሱ ነው ወይስ ያበሉት ሰዎች?» አሉኝ።

ጥቂት ቈይተውም «ይህስ የዮናስ ነገር ነው» ብለው ወደ ፈትላቸው ተመለሱ።

ለዚህ ጥያቄ በዚያ ቀን መልስ አልነበረኝም። ወደ ኮሌጅ ከተመለስሁ በኋላ ግን ስለ ጐጃም የተጻፉትን የመንገደኞች መጻሕፍት ሳገላብጥ፥ የእማሆይ ጥያቄ ከመጽሐፍ ሁሉ ላይ ተጽፎ የማገኘው ሆነብኝ።

በመጀመሪያ የዚህ ዓይነት ጨዋታ አሠራር ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ሦስት ወገኖች ያስፈልጉታል። አንደኛው ላኪው፥ ሁለተኛው ሳይወድ የሚሄደው፥ ሦስተኛው ከሩቅ ሆኖ የሚሥቀው ተመልካች ነው። እማሆይ እንዳሉት የዮናስ ታሪክም በዚሁ መልክ የቆመ ነው። ወደ ነነዌ ሂድ ሲባል ወደ ተርሴስ ይሸሻል፤ በግድ ከደረሰና ከተማዋ ከዳነች በኋላም ደስ አይለውም፤ ከከተማው ውጭ ተቀምጦ ቅሉ በመድረቁ ያጉረመርማል። በየዓመቱ የነነዌን ጾም የሚጾመው ሕዝባችን ይህን ነጭናጫ መንገደኛ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። በትንቢተ ዮናስ ውስጥ የሚነቀፈው መንገደኛው እንጂ አገሬው አይደለም፤ የመጨረሻውም ቃል የላኪው ነው። ስለዚህ በማናቸውም እንዲህ ባለ ታሪክ ውስጥ የነቀፋው ጫፍ ወደ ማን እንደ ዞረ መለየት የመጀመሪያው ሥራችን ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፥ ከአዴት ብዙ ሳይርቅ በሰከላ የሚገኘው ግሽ ዓባይ የዚህ ዓይነት መንገደኛ ከታወቁት ሥፍራዎች አንዱ ነው። በ1730 በስኮትላንድ የተወለደው ጄምስ ብሩስ በ1769 ምፅዋ ደረሰ፤ በ1770 መጀመሪያም ጎንደር ገባ። በዙፋን ላይ የነበሩት ዳግማዊ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ቢሆኑም፥ ሥልጣኑ በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበረ። ብሩስ በቍስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ የፈንጣጣ ሕሙማንን በማከሙ ተወደደ፤ በአገሬውም ዘንድ ያዕቆብ እየተባለ ይጠራ ነበር። ሐሳቡ ሁሉ ግን የዓባይን ምንጭ ማየት ነበረ። የዳሞትና የአገው ገዥ ከነበረው ከፋሲል መሪ ተቀብሎ ከተጓዘ በኋላ፥ በኖቬምበር 4 ቀን 1770 ግሽ ደረሰ።

መጽሐፉን ያነበበ ሰው በዚህ ቀን የሚያገኘው ወሬ፥ በትርኢቱ ላይ ካየነው እጅግ የሚመሳሰል ነው። የምንጩ አካባቢ ሰዎች ሥፍራው የተከበረ ነውና ጫማህን አውልቅ አሉት። እሱም ጫማውን ጥሎ ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደ፤ በመንገዱም የአበባ ሥሮች እያደናቀፉት ሁለት ጊዜ ክፉኛ ወደቀ። ከምንጩ ዳር ሲቆም ጥቂት ጊዜ በደስታ ተሞላ፤ ነገር ግን ወዲያው ኀዘን ወደቀበት። ይህን ያህል ዘመን የተመኘው ነገር አንድ ረግረግ መሆኑን አየ፤ የሚመለስበት መንገድም ገና ከፊቱ ነበረ። ከዚያ በኋላ ከኮኮናት ቅርፊት በተሠራ ጽዋ ከምንጩ ውኃ እየቀዳ፥ ለንጉሡ ለጆርጅ ሣልሳዊ ጤና፥ ቀጥሎም ለሩሲያዋ ንግሥት ለካትሪን ድል ጠጣ። አብሮት የነበረውን እስትራቴስ የሚባል ግሪካዊ ጠርቶ፥ ራሱን እንደ ዶን ኪሆቴ፥ እሱን እንደ ሎሌው እንደ ሳንቾ አድርጎ እየተናገረ አብሮ እንዲደሰት ጋበዘው። እስትራቴስም ከነገሩ አንዲት ቃል እንዳልገባችው፥ ከዚያ ረግረግ ወጥቶ ወደ ቤት ቢገባ እንደሚሻልና መሪው ሌላ ተንኰል እንዳያመጣ መጠበቅ እንደሚገባ መለሰለት።

ይህን ሳነብ ሣቅሁ። የሣቅሁትም ብሩስ ሣቅ ብሎ በጻፈበት ቦታ ነው። ነገር ግን መጽሐፉ የታተመው በ1790፥ ማለት ነገሩ ከተፈጸመ ሃያ ዓመት ያህል ቈይቶ ነው። ንግግሩ የተቀረጸውም በሴርቫንቴስ ልብ ወለድ አምሳል መሆኑን ጸሓፊው ራሱ አልሸሸገም። ስለዚህ የእስትራቴስ ቃል በዚያ ቀን እንደዚሁ ተነግሯል ብለን መማል አንችልም። በእርግጥ የምናውቀው ብሩስ ለመጽሐፉ ሳይወድ የሚከተል አሽከር እንዳስፈለገው ነው።

የነገሩን ጥልቀት ለማየት በጕዞው ላይ ከብሩስ ጋራ የነበሩትን ሦስት ሰዎች ጐን ለጐን ማቆም ይጠቅማል።

የመጀመሪያው አሁን የጠቀስነው እስትራቴስ ነው። የሚያሥቅ በመሆኑ በመጽሐፉ ውስጥ ስሙም ቃሉም ቀርቶለታል።

ሁለተኛው የፋሲል አሽከር የነበረው መሪው ወልዶ ነው። ግሽ ሲቃረብ ወልዶ ታመምሁ እያለ ወደ ኋላ መቅረት ጀመረ። በመጨረሻም ከግሽ ሰዎች ጋራ የቆየ የደም ነገር ስላለበት ወደ መንደሩ መግባት እንደሚፈራ ተናገረ። ብሩስ ግን ይህን ሁሉ የወሰደው እንደ ማታለያ ነው፤ የወገቡን የሐር መቀነት ሲሰጠው ወልዶ ድኖ መንገዱን አሳየው ይላል። ይህ ክፍል ለቀልድ የተጻፈ ነው፤ አንባቢም ይሥቅበታል። እኛ ጐጃሜዎች ግን ደም ያለበት ሰው ወደ ባለደሙ መንደር መግባት ምን ማለት እንደ ሆነ እናውቃለን። ዘመኑም የጦርነት ዘመን ነበረ። ወልዶ መቀነቱን ተመኝቶ ይሆናል፤ መፍራቱም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ለመኖር የሚከለክላቸው የለም። ቀልዱ አንደኛውን ምክንያት ብቻ አስቀርቶ ሁለተኛውን ደመሰሰው።

ሦስተኛው የቦሎኛ ተወላጅ የሆነው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ ነው። ይህ ሰው የብሩስን ሥዕሎች በመሣል ብዙ የደከመ፥ በ1771 ጎንደር ላይ የሞተ ነው። ሥዕሎቹ ዛሬም በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። ብሩስ ግን በመጽሐፉ ውስጥ የባሉጋኒን ሞት ከግሽ ጕዞ በፊት አደረገው። በኋላ የባሉጋኒ የገዛ እጁ ማስታወሻ ሲመረመር፥ እሱም ወደ ምንጩ አብሮ መሄዱ ታወቀ። በዚሁም ልማድ ብሩስ የስፔን ተወላጅ ሚሲዮናዊ የነበረው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ምንጩን ማየቱን ሊቀበል አልወደደም።

እንግዲህ ከዚህ አንድ ሐሳብ ላቀርብ እደፍራለሁ። የሚያሥቀው ተከታይ በታሪክ ውስጥ የቀረው ክብርን ስለማይሻማ ነው። ከቁም ነገር የሚቆጠረው የሥራ ጓደኛ ግን ክብር ስለሚካፈል ተሰረዘ። መሪው ደግሞ ፍርሃቱ ተወስዶ ስስቱ ብቻ ተጻፈለት። ስለሆነም በቀልድ የተጻፈ የጕዞ መጽሐፍ ስናነብ ማን አሣቀን ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ሣቁ ማንን እንደ ሸፈነ መጠየቅም ግድ ነው።

በብሩስ ላይ የደረሰው ነገርም ትምህርት አለው። አገሩ ሲመለስ እሱ ራሱ መሣቂያ ሆነ። በሕይወት ካለች ላም ሥጋ ተቈርጦ ሲበላ አየሁ ማለቱ በለንደን መተረቻ አደረገው። የሎቦን የኢትዮጵያ ጕዞ በ1735 ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ዶክተር ጆንሰን ከተጠራጣሪዎቹ አንዱ ነበረ። በ1774 ያነጋገረው ቦዝዌልም፥ ቃል ከአፉ ማውጣት ጭንቅ የሆነ ቍጡ ሰው መሆኑን ጽፏል። ብሩስ አኵርፎ መጽሐፉን ለብዙ ዓመታት አዘገየ። በ1794ም፥ በረሓውንና ጦርነቱን ሁሉ አልፎ የተመለሰው ሰው፥ አንዲት እንግዳ ወይዘሮ ወደ ሠረገላዋ ሊሸኝ ሲጣደፍ ከገዛ ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። በኋላ ብዙው ቃሉ እውነት ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ሣቅ እውነትን የሚያውቅ ዳኛ አይደለም፤ የግሽን ሰዎች እንደ ሸፈነ ሁሉ ብሩስንም ሸፍኖታል።

ከዚህ የከፋው ምሳሌ የቅርብ ዘመን ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢቭሊን ዎ ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል በ1930 ወደ አዲስ አበባ መጣ። በሚቀጥለው ዓመት ያወጣው የጕዞ መጽሐፍ በመሰላቸትና በምሬት የተሞላ ነው፤ ከክፍሎቹ አንዳንዶቹን ቅዠት ብሎ ሰይሟቸዋል። ወደ ደብረ ሊባኖስ ያደረገውን ጕዞም በቀልድ ጻፈው። እስከዚህ ድረስ ነገሩ የነጭናጫ መንገደኛ ጨዋታ ነው ብለን ልናልፈው እንችል ነበር። በ1935 ግን የጋዜጣ ወሬኛ ሆኖ ተመለሰ፤ በ1936 ባወጣው መጽሐፍም የፋሽስት ኢጣልያን ወረራ ደገፈ፤ መጨረሻውንም ኢጣልያኖች የሠሩትን መንገድ በማመስገን ዘጋው። በ1938 ደግሞ የጦር ሜዳ ጋዜጠኞችን የሚያፌዝበትን ልብ ወለድ አወጣ፤ በዚህኛው የተሣቀበት በይበልጥ የገዛ ወገኑ ነው። ወረራው በሱ ቀልድ ምክንያት መጣ ማለት ስሕተት ይሆናል። ነገር ግን አንድን ሕዝብ በሣቅ ብቻ ማየት የለመደ አንባቢ፥ ያ ሕዝብ በመርዝ ጋዝ ሲቃጠል ለማዘን ጊዜ እንደሚወስድበት መገመት አያስቸግርም።

ማጉረምረም ሁሉ ግን ክፉ አይደለም። በጣና ዳር በዘጌ የተወለደው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 በሮም ለመንገደኞች የሚረዳ የፈረንሳይኛና የአማርኛ የንግግር መጽሐፍ አሳተመ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ጠያቂና ተጠያቂ ይነጋገራሉ፤ የሚያማርረውም መንገደኛው ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያዊው ራሱ ስለ አገሩ አስተዳደርና ወታደር በገበሬው ላይ ስለሚያደርሰው ግፍ ይናገራል። እዚህ ላይ ምሬት የመንግሥት መመርመሪያ ሆነ። አፈወርቅ በኋላ ከወራሪው ኢጣልያ ጋራ መተባበሩ የታወቀ ነው፤ ይህ ጥፋቱ ግን ስለ ገበሬው የጻፈውን ሐሰት አያደርገውም፤ የጻፈው መልካም መሆኑም ጥፋቱን አይሽርለትም።

ሌላም ዓይነት መንገደኛ አለ። ሜጀር ቺዝማን ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ሲኖር፥ የጣናን ደሴቶችና የዓባይን ሸለቆ ደረጃ በደረጃ እየተከተለ መረመረ፤ መጽሐፉንም በ1936 አወጣ። እሱም የመንግሥቱ ሰው ነበርና ያለ ጥቅም አልመጣም። ይሁን እንጂ ዓመታት መቀመጥ መንገደኛን ጎረቤት ያደርጋል፤ ጎረቤት ደግሞ ነገ ፊት ለፊት የሚያገኘውን ሰው በጽሑፍ እንደ ልቡ ሊያፌዝበት አይቻለውም።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። የነጭናጫ መንገደኛ ቃል ምስክር ሊሆን ይችላል ብዬ አምናለሁ፤ እንዲያውም በአንዳንድ ነገር ከአመስጋኙ ይበልጣል። አመስጋኝ መንገደኛ የሚያየው ሊያይ የመጣውን ነው። የሚያጉረመርም ግን ስለ ቀረጡ፥ ስለ ቍንጫው፥ ስለ በቅሎ ኪራይና ስለ ተከለከለው ነገር ሁሉ ሳያስበው ይነግረናል። ብሩስ ጫማህን አውልቅ የተባለበትን ባይመዘግብ ኖሮ፥ በዚያ ዘመን የምንጩ ክብር እስከ ምን እንደ ነበረ ባላወቅን። በወልዶ ባይናደድ ኖሮ፥ በግሽ የደም ፍርሃት እንደ ነበረ ባልሰማን። ስለዚህ ምሬቱን ገልብጦ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ለእሱ እንቅፋት የነበረው ለአገሬው ሕግ ነበርና።

ይህን ስል አንድ የራሴን ነገር መናገር ይገባኛል። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ እማሆይ ወደ ግሽ ዓባይ ለጠበል ይዘውኝ ሄደው ነበር። ከትልሊ ወደ ሰከላ በሚወስደው መንገድ ላይ መኪናው አንገላታኝ፤ ራበኝ፤ ብርዱም ቈረጠኝ፤ እስክንደርስ ድረስ አለቀስሁ። ከምንጩ ስንደርስ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፥ ጫማህን አውልቅ» አሉኝ። እኔም መሬቱ ይቀዘቅዛል ብዬ አኰረፍሁ። ስለ አቡነ ዘርዐ ብሩክና ውኃው ሳያረጥብ ስለ መለሰላቸው መጻሕፍት ሲነገር አልሰማሁም፤ የማስበው ስለ እግሬ ብቻ ነበረ። ከብዙ ዓመት በኋላ በዚህ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የብሩስን መጽሐፍ ሳነብ፥ በ1770 ለሱ የተነገረው ቃል ለኔም እንደ ተነገረኝ አየሁ። እሱ ቢያንስ ጽፎታል፤ እኔ ግን ያን ሽማግሌ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም።

የዚህ ጽሑፍ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ብሩስ በግሽ ያስተናገደውን የምንጩን ባላደራ ክፍለ ዓባይን ያነሣል፤ ሽማግሌና ባለ ረጅም ጢም እንደ ነበረ፥ ልጆቹም ከሰማንያ በላይ እንደ ነበሩ ጽፏል። ክፍለ ዓባይ ስለ ብሩስ ለልጆቹ ምን እንደ ነገራቸው ግን በመጽሐፉ የለም። የመንገደኛው ቃል በአምስት ቅጽ ታትሞ በዓለም ቤተ መጻሕፍት ሁሉ ተቀምጧል፤ የአስተናጋጁ ቃል ግን በሽማግሎች አፍ ብቻ የሚኖር ነው፤ ሽማግሎችም በየዓመቱ ያልቃሉ። ስለዚህ ከሰከላ፥ ከቡሬ፥ ከፍኖተ ሰላምና ከአዴት የመጣን ተማሪዎች ለዕረፍት ወደ አገራችን ስንሄድ፥ ደብተር ይዘን የአገሬውን ወገን ቃል መመዝገብ ይገባናል። የሚነገረን ሁሉ እውነት ይሆናል ማለቴ አይደለም፤ እንደ ብሩስ ቃል እሱም መመዘን አለበት። ነገር ግን ያልተጻፈ ቃል ሊመዘንም አይችልም።

ለእማሆይ ጥያቄም እንግዲህ መልስ ይዤ ልመለስ ነው። ማን ላከው? ብሩስን የላከው የገዛ ምኞቱ ነው። እስትራቴስንና ባሉጋኒን ደመወዛቸው፥ ወልዶን የጌታው ትእዛዝ፥ ዎን ጋዜጣው፥ ፒልኪንግተንን ደግሞ ጓደኞቹ ላኩት። ላኪው ሲታወቅ የቃሉ ክብደት ይታወቃል። «ያበሉትስ ሰዎች ምን አሉ?» ለሚለው ለሁለተኛው ጥያቄ ግን መልሱ ከመጻሕፍት የሚገኝ አይደለም። እሱን እዚያው ሄጄ ልጠይቅ አስቤአለሁ፤ በዚህ ጊዜ ጫማዬን ሳላኰርፍ አወልቃለሁ። መምህራኖቼና ጓደኞቼም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያገኙትን ስሕተት እንዲያርሙልኝ በትሕትና እለምናለሁ።